ግብዣ ነው ወይስ ማጣሪያ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ከሐዋሳ ናቸው። ሦስቱም ስለ ቼስ፣ ሁለቱ ደግሞ ስለ አንድ ግጥሚያ ይጠይቃሉ። የቀረውን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ በእነዚህ ላይ ተቀምጫለሁ። የጠያቂዎቹን ስም ስላልፈለጉት አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። በሐዋሳ የአንድ የወጣቶች ቼስ ክለብ ፀሐፊ ነኝ። በመጪው ወር በከተማችን አንጋፋ ተጫዋች፣ ሁላችንም ጋሼ በምንላቸው ሰው፣ እና በአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም መካከል የስድስት ጨዋታ ግጥሚያ እናዘጋጃለን። አዳራሽ ተገኝቷል፤ ፖስተሩም ‹ሰው ከማሽን› ተብሎ ታትሟል። ጣጣው ማሽኑ ማን ይሁን የሚለው ነው። አራት ተመዝግበዋል። አንዱ ስቶክፊሽ የተባለውን የቼስ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዶ የመጣ ልጅ ነው። ሁለተኛው ሊላ የተባለችውን ፕሮግራም በትልቅ የጌም ኮምፒውተር ላይ ጭኗል። ሦስተኛው ከድሮ ሲዲ የተጫነ ፍሪትዝ የተባለ ፕሮግራም ነው። አራተኛውን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ‹ራሴ ነኝ የጻፍኩት› ትላለች። ሽልማቱን የሚሸፍንልን የኮምፒውተር መደብር ባለቤት ፍሪትዙ ይሁን ይላል፤ ፍሪትዙን ያስመዘገበው የእህቱ ልጅ ነው። ኮሚቴው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሁለት ጨዋታ በጥሎ ማለፍ ተጫውተው ይለይላቸው ብሏል። ግማሾቻችን ‹ማንኛውም ቢሆን ጋሼን ያሸንፋል፤ ምን ያጨቃጭቀናል?› እንላለን። እርስዎ ምን ይላሉ?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። ማንኛውም ጋሼን ያሸንፋል ያላችሁት፣ ቢያንስ ለሦስቱ፣ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ቦን ከተማ ላይ ቭላዲሚር ክራምኒክ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ የፍሪትዝ ቅጂ በሆነው በዲፕ ፍሪትዝ 4 ለ 2 ተሸንፏል፤ በሁለተኛው ጨዋታማ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት (ንጉሡ መውጫ የሚያጣበትን) ሳያይ ቀርቶ ነው የወደቀው። ከዚያ ወዲህ ሰው በእኩል ሜዳ ማሽንን ይረታ ይሆን የሚለው ጉጉት በርዷል። ዛሬ በኪሳችሁ ባለው ስልክ ላይ የሚሠራው ስቶክፊሽ ከያኔው ፍሪትዝ በእጅጉ ይበልጣል። ጋሼም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እኔን በፍቅር ሐይቅ ዳር ከዋርካው ጥላ ሥር፣ አባ ኮዳዎቹ ዓሣ ጥበቃ ቆመው እያዩ፣ ስንቴ እንዳሸነፉኝ አልቆጠርኩትም፤ ግን ስልኬን ባወጣ ኖሮ ነገሩ በሃያ ደቂቃ ያልቅ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለዚህ የጋሼ ውጤት ከወዲሁ የታወቀ ነው። ያልታወቀው ከፊታቸው ማን እንደሚቀመጥ ነው። ፍትሕ የሚጠየቀውም ለእሳቸው ሳይሆን ለአራቱ ልጆች ነው፤ በተለይ ሌሊቱን ኮድ ላይ ላነጋችው።

አያቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ አጀማመሩ ወረራ ይባላል። ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ጠጠሮቻቸውን እንዳሻቸው ይገፋሉ። የእናንተ ኮሚቴ አሁን ወረራ ላይ ነው። መደብሩ አንድ ጠጠር ገፍቷል፣ ኮሚቴው ሌላ ገፍቷል፣ ፖስተሩ ታትሟል፣ ደንብ ግን የለም። በሰንጠረዥ እንኳ አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ሁሉም ተራውን ይይዛል። እናንተም እዚያ ሳትደርሱ አንድ ነገር ወስኑ፦ የምታደርጉት ማጣሪያ ነው ወይስ ግብዣ? ሁለቱም ነውር የለበትም። ነውሩ ጋብዞ ማጣሪያ ነበር ማለት ነው።

ይህ ነገር ከእናንተ በፊት ብዙ ገንዘብ የያዙ ሰዎችንም አነካክቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ የያኔውን ሻምፒዮን የጋሪ ካስፓሮቭንና የክራምኒክን ግጥሚያ ያዘጋጀው ብሬን ጌምስ የተባለ ድርጅት፣ አዲሱን ሻምፒዮን ክራምኒክን ከማሽን ጋር ሊያጋጥም ተነሳ። ማሽኑን ለመምረጥ በሚያዝያ 2001 ካዳኬስ በምትባል የስፔን የባሕር ዳር ከተማ ሁለት ፕሮግራሞች የ24 ጨዋታ ግጥሚያ ገጠሙ፦ ዲፕ ፍሪትዝና የእስራኤሎቹ ዲፕ ጁኒየር። ሁለቱንም ለገበያ የሚያቀርበው የሃምቡርጉ ቼስቤዝ ነበር። በ1999 ፓደርቦርን ላይ፣ በ2000 ደግሞ ለንደን ላይ የዓለም ኮምፒውተር ቼስ ዋንጫ የወሰደው ሽሬደር የተባለ ፕሮግራም ግን ካዳኬስ አልነበረም። ዘውድ የያዘው በሌለበት የተደረገ ማጣሪያ ማጣሪያ ይባላል ወይ ተብሎ ያኔ ብዙ ተጨቃጭቀውበታል። እኔ ከጠያቂዎቹ ወገን ነኝ። ሁለት ብቻ አጋጥሞ «የዓለምን ጠንካራ ፕሮግራም መረጥን» ማለት ደፋርነት ነው። «ከሁለቱ አንዱን መረጥን» ቢሉ ማንም ምንም አይላቸውም ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን የካዳኬስን ሰዎች በአንድ ነገር አመሰግናቸዋለሁ፤ ቁጥሩን አላሳጠሩም። ጁኒየር የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ። 5 ለ 0! የእናንተ ኮሚቴ ቢሆን ያን ሌሊት ለጁኒየር የአውሮፕላን ትኬት በቆረጠለት። ፍሪትዝ ግን በቀሩት 19 ጨዋታዎች አንድ በአንድ እየለቀመ፣ በመጨረሻዋ ጨዋታ ላይ 12 ለ 12 አደረገው። ከዚያ በመለያ ሁለቱን ጨዋታ አሸንፎ አለፈ። በጥቅምት 2002 ባሕሬን ላይ ከክራምኒክ ጋር ተቀምጦም 4 ለ 4 ተለያይቷል።

አሁን የእናንተን ሁለት ሁለት ጨዋታ እንመልከት። እድሜዬን ያሳለፍኩት በሒሳብ መምህርነት ነውና ጠመኔ ካልያዝኩ አልረካም። አንድ ፕሮግራም ከሌሎቹ ግልጽ ብልጫ አለው እንበል፤ ከአሥር ጨዋታ አራቱን ያሸንፋል፣ አራቱን አቻ ይወጣል፣ ሁለቱን ይሸነፋል። ይህ ትንሽ ብልጫ አይደለም። በሁለት ጨዋታ ግን ሁለቱንም የመሸነፍ ዕድሉ 0.2 ሲባዛ በ0.2፣ ማለትም 4 በመቶ ነው። አንዱን ተሸንፎ ሌላውን አቻ የመውጣቱ ደግሞ 16 በመቶ። ድምሩ 20 በመቶ፤ ከአምስት አንዴ የሚሻለው እዚያው ይወድቃል። 32 በመቶው እኩል ለእኩል ያልቅና ወደ መለያ ይሄዳል፤ መለያው ሳንቲም እንደ መወርወር ከሆነ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ዙር የማለፍ ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ጥሎ ማለፉ ሁለት ዙር ስላለው 0.64 ሲባዛ በ0.64፣ 41 በመቶ ግድም ይሆናል። በግልጽ የሚበልጠው ፕሮግራም ከመመረጥ ይልቅ ለመውደቅ ይቀርባል ማለት ነው!

ያንኑ ፕሮግራም ከአንድ ተጋጣሚ ጋር 24 ጨዋታ ብታጫውቱት በነጥብ የመበለጡ ዕድል ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። መቶ ብታጫውቱት ከሺህ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚበለጠው። በኢንተርኔት የሚካሄደው ትልቁ የፕሮግራሞች ውድድር፣ ቲሴክ፣ ፍጻሜውን መቶ ጨዋታ ያደረገው ለዚህ ነው። እዚያ እያንዳንዱ መክፈቻ፣ ማለትም አስቀድሞ የተመረጡ የጨዋታው መጀመሪያ እርምጃዎች፣ ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ አንዴ አንዱ ነጭ ይዞ፣ አንዴ ሌላው። መክፈቻው ለአንዱ ያደላ እንደሆነ ለሌላውም በተራው ያደላል።

የማሽን ደግነቱ አይደክመውም። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ፣ በየእርምጃው ሦስት ሰከንድ ጭማሪ ስጡ። አንድ ጨዋታ ቢረዝም ወደ 18 ደቂቃ ነው። አራት ፕሮግራም ስድስት ጥንድ ይወጣዋል፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ አሥር መክፈቻ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጫወት 20፣ በጠቅላላው 120 ጨዋታ። ያ 36 ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ብታስጀምሩት እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ያልቃል። ኪዩት ቼስ ወይም አሬና የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ራሳቸው ያጫውታሉ፣ ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ እናንተ ተኙ። መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ግን ከዓርብ በፊት ጻፉ። ያለቀው ይጸናል፣ የተቋረጠው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ይኸው በቃ። ውጤት ካያችሁ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ለአንዱ ማድላቱ አይቀርም።

የኮምፒውተሩን ነገር ቀላል አታድርጉት። ሊላ ያለ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ክንፉ የተቆረጠ ወፍ ናት፤ ስቶክፊሽ ደግሞ የሚፈልገው ፕሮሰሰር ነው። «ሁሉም በአንድ ላፕቶፕ» ስትሉ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሊላን ሳትጫወት ጣላችኋት። «እያንዳንዱ በየራሱ ማሽን» ስትሉ ደግሞ አባቱ ገንዘብ ያለው ልጅ ቀደመ። በ2017 መጨረሻ የጉግል ዲፕማይንድ ፕሮግራም አልፋዜሮ ስቶክፊሽን በመቶ ጨዋታ 28 አሸንፎ 72 አቻ ወጥቶ አንድም ሳይሸነፍ ሲቀር ጉድ ተባለ፤ ወዲያውም ስቶክፊሽ ለየእርምጃው አንዲት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት፣ በጠባብ ሜሞሪ ነው የተጫወተው የሚል ቅሬታ መጣ። በማግስቱ ዓመት የአልፋዜሮ ሠሪዎች በሰፊ ሰዓት የተደረገ የአንድ ሺህ ጨዋታ ውጤት አወጡ፤ አልፋዜሮ 155 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። ቅሬታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን ቢያንስ መልስ አገኘ። እናንተም የምትመዝኑት ፕሮግራሙን ብቻ ነው ወይስ ፕሮግራሙን ከነማሽኑ? የመረጣችሁትን ፖስተሩ ግርጌ ላይ ጻፉት።

ስለ ኦፕሬተሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኦፕሬተር ማለት በፕሮግራሙና በሰሌዳው መካከል ተቀምጦ ጠጠር የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው። በ2003 ግራትስ ላይ በተደረገው የዓለም ኮምፒውተር ቼስ ውድድር ጆኒ የተባለ ፕሮግራም ከሽሬደር ጋር ሲጫወት አንድ አቋም (የጠጠሮቹ አሰላለፍ) ሦስት ጊዜ ተደገመ። ፕሮግራሙ ለኦፕሬተሩ አሳወቀው፤ አቻ ነው ማለት ይችል ነበር። ኦፕሬተሩ ግን ሽሬደር ሊያሸንፍ ያለውን ጨዋታ በፕሮግራም ስህተት ነው ወደ አቻ የወሰደው ብሎ ዝም አለና ቀጠለ፤ ተሸነፈም። ውጤቱ ጸንቶ ሽሬደር ከፍሪትዝ ጋር እኩል ነጥብ ያዘ፤ በመለያም ዋንጫውን ወሰደ። ጨዋነት ነበር የኦፕሬተሩ ሐሳብ። ዋጋውን የከፈለው ግን በሌላ ጠረጴዛ የነበረው ፍሪትዝ ነው።

እኔ ደግሞ ያለ ጨዋነት ሰው በድያለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የትምህርት ተቋም፣ የትኛው እንደሆነ ልለፈው፣ ለአንድ ተማሪ ፕሮግራም ኦፕሬተር ሆኜ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ጨዋታ መሐል ቡና የምታፈላው ልጅ ምድጃዋን ልትሰካ ከዲቫይደሩ አንዱን ነቀለች። የነቀለችው የእኔን ነበር። ላፕቶፑ አልጠፋም፤ ባትሪው ተቀበለ። የስክሪኑ ብርሃን ደብዘዝ ሲል አይቻለሁ፤ ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ስከፍት በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን አቋም ሲመረምር የነበረው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከሰባት መቶ ሺህ በታች ወርዷል። ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ራሱን አዝግሟል። ልጁ በግማሽ ነጥብ ነው የወደቀው። ለአዘጋጆቹ የነገርኳቸው በሳምንቱ ነው፤ ዋንጫው ተሰጥቶ፣ ፎቶው ተለጥፎ። «አለፈ መምህር» አሉኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ልጁን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላምታዬ ረዘም ይላል። ስለዚህ ሶኬቱን በፕላስተር ለጥፉት፤ ቡናውንም ሌላ ክፍል አድርጉት።

ወደ መደብሩ ባለቤት ልምጣ። ሽልማት የሚሰጥ ሰው አስተያየት አይስጥ አልልም። በ1995 ሆንግ ኮንግ ላይ በአምስት ዙር የዓለም ኮምፒውተር ቼስ ሻምፒዮና ፍሪትዝ በተራ ፔንቲየም ኮምፒውተር ላይ ሆኖ የአይቢኤም ኩባንያን የቼስ ማሽን፣ የዲፕ ብሉን ናሙና፣ አሸንፎ ዋንጫውን በላ። በዘጠኝ ወሩ ፊላደልፊያ ላይ ካስፓሮቭ ፊት የተቀመጠው ግን ዲፕ ብሉ ነው። ለምን? ግጥሚያው ማሽኑን የሠራው የአይቢኤም ጉዳይ ስለነበረ። ማንም ግን ማጣሪያ አላለውም፤ ስለዚህ ማንም አልተበደለም። የእናንተ ባለ መደብርም «ግጥሚያው የእኔ፣ ፕሮግራሙም የእህቴ ልጅ ያመጣው» ካለ ይበል፤ ፖስተሩ ላይ እንዲያ ይጻፍና ሌሎቹን ሦስት ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት አታድክሟቸው።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ እንዲህ ነው። እውነተኛ ማጣሪያ ካደረጋችሁ ወይ ስቶክፊሽ ወይ ሊላ ይወጣል፤ አሮጌው ፍሪትዝና የተማሪዋ ፕሮግራም አጠገባቸው አይደርሱም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰውም ጋሼ ስድስት ጊዜ ሲደቆሱ አይቶ ይወጣል። ተማሪዋን ብትጋብዙ ግን ከተማው የራሱን ልጅ ሥራ ያያል፤ ጋሼም ምናልባት የሚጫወቱት ጨዋታ ያገኛሉ። ግብዣ በሉት፣ በደማቁ ጻፉት። የምትጋብዙት ቅጂ ከዛሬ ጀምሮ አይነካ፤ ለጋሼም ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቅጂ ይድረሳቸው። ክራምኒክም ከባሕሬን በፊት ፕሮግራሙን ተቀብሎ ተለማምዶበታል።

ጥያቄ፦ «መምህር እንደምን ሰነበቱ? በክለቡ ግጥሚያ ፕሮግራሜን ያስመዘገብኩት ተማሪ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ኮሚቴው ኮዱን ካላሳየሽ አትሰለፊም አለኝ። የሌሎቹን ሦስት ግን ማንም አልጠየቀም። ባሳያቸው ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አንዳንድ ዘዴዎችን፣ ለምሳሌ አልፋ ቤታ የሚባለውን የማይጠቅሙ እርምጃዎችን መዝለያ ዘዴ፣ ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት። ይህ ኩረጃ ይባላል?»

መልስ፦ አይባልም፣ ልጄ። አልፋ ቤታ የማንም የግል ርስት አይደለም፤ እኔ ጎልማሳ ሳልሆን የታወቀ ዘዴ ነው፤ የቼስ ፕሮግራም የጻፈ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚያ በኩል አልፏል። ሐሳብ መውሰድና የተጻፈ ኮድ ገልብጦ ስም መቀየር ለየቅል ናቸው። ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ አይታይም። ሪብካ የተባለው ፕሮግራም ከ2007 እስከ 2010 አራት ዓመት በተከታታይ የዓለም ኮምፒውተር ቼስ ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ2011 የውድድሩ ባለቤት ማኅበር ከሌሎች ፕሮግራሞች፣ ከክራፍቲና ከፍሩት፣ የተወሰደ ኮድ አለበት ብሎ አራቱንም ማዕረግ ገፈፈው። ደራሲው አልተቀበለውም፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ምርመራ ለማንም አይበጅም። ስለዚህ ኮሚቴው አስቀድሞ መጠየቁን አልቃወምም።

የምቃወመው ያንቺን ብቻ መጠየቁን ነው። ልክ ነሽ፣ ስቶክፊሽን ያወረደው ልጅ ኮዱን ለማሳየት አይቸገርም፤ ስቶክፊሽ ለማንም ክፍት ነው። ሊላም እንደዚያው። ጥያቄው ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፦ ይህን የጻፈው ማነው? ያወረደው «ሌሎች ጻፉት፣ እኔ አወረድኩት» ብሎ ይፈርም፤ አንቺም «እኔ ጻፍኩት» ብለሽ ፈርሚ። ይህ ደግሞ ላንቺ የሚጠቅም ይመስለኛል። ከላይ እንዳልኩት ክለቡ ቢጋብዝሽ ፖስተሩ ላይ የሚወጣው «በሐዋሳ ልጅ የተጻፈ» የሚለው ነውና ያ ቃል እውነት መሆኑ መታወቅ አለበት።

አሳዪ የተባልሽውን እንዲህ አድርጊው። ኮዱን በፍላሽ አትስጪ፣ በኢሜይልም አትላኪ። ኮሚቴው ፕሮግራም መጻፍ የሚያውቅ፣ ከአራቱ ተወዳዳሪዎች ጋር ዝምድና የሌለው አንድ ሰው ይምረጥ። አንቺ የራስሽን ላፕቶፕ ይዘሽ ከጎኑ ተቀመጪ። ቁልፍ የምትነኪው አንቺ ብቻ። እሱ «አቋሙን የምትመዝኚበትን ክፍል ክፈችልኝ፣ ፈረስ ከዳር ሲቆም ስንት ነጥብ ትቀንሺበታለሽ? ለምን?» ይበልሽ። ራሱ የጻፈ ሰው ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ታሪክ አለው፤ «መጀመሪያ ሠላሳ ነበር፣ ፈረሱን ጨርሶ ወደ ዳር አልወጣ አለኝ፣ ወደ አሥራ አምስት አወረድኩት» ይላል። የገለበጠ ሰው ቁጥሩን እንጂ ታሪኩን አያውቅም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የድሮዎቹን ቅጂዎችሽንም ካስቀመጥሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ከመጀመሪያው ወር የተረፈ፣ ንጉሡን ከማት ማውጣት የማይችል ደካማ ቅጂ ካለሽ ከሁሉ የበለጠ ምስክርሽ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዳትቀየሚኝ። ክለቡ ግብዣውን ትቶ ማጣሪያ ቢመርጥና ስቶክፊሽ 20 ለ 0 ቢያሸንፍሽ ጨዋታዎቹን አትጥዪ፤ አስቀምጫቸው። ያን ያህል የማይሳሳት አስተማሪ በነፃ አታገኚም።

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። የባጃጅ ሹፌር ነኝ፤ ቼስ የምጫወተው ደንበኛ ስጠብቅ በስልኬ ነው። አንድ ተሳፋሪ ካስፓሮቭ በ1997 በማጭበርበር ነው የተሸነፈው አለኝ። እውነት ነው? ደግሞስ የሐዋሳውን ግጥሚያ ለማየት መግቢያ ይከፈላል?»

መልስ፦ ኒውዮርክ ላይ ዲፕ ብሉ 3½ ለ 2½ አሸነፈ። በሁለተኛው ጨዋታ ማሽኑ ካስፓሮቭ ከማሽን ያልጠበቀውን የሰው የሚመስል ጨዋታ ስለተጫወተ ጥርጣሬ ገባው፤ የማሽኑን መዝገብ አሳዩኝ አለ። አይቢኤም ያኔ አልሰጠም፤ ቆይቶ አወጣው። ከማሽኑ ጀርባ ሰው ነበር የሚል ማስረጃ አልተገኘም። አይቢኤም የመልስ ግጥሚያ አልፈቀደም፤ ማሽኑንም ከጨዋታ አወጣው። እኔን ከማጭበርበር ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ አይቢኤም የካስፓሮቭን ጨዋታዎች በሙሉ ሲያጠና ካስፓሮቭ የዲፕ ብሉን ጨዋታ አላየም፤ መሐንዲሶቹም በጨዋታና በጨዋታ መካከል ፕሮግራሙን ማስተካከል ይፈቀድላቸው ነበር። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የተስማሙበት ደንብ ነው። ካስፓሮቭ ፈርሞ ነው የተቀመጠው፤ ስለዚህ ተሳፋሪዎ ተሸነፈ እንጂ ተጭበረበረ አይበል። በ2003 መጀመሪያ ከዲፕ ጁኒየር ጋር ሲጋጠም ግን ማሽኑ ማን ነው የሚለው አላጨቃጨቀም፤ ጁኒየር በ2002 ማስትሪክት ላይ የዓለም ኮምፒውተር ሻምፒዮን ሆኖ ነበርና ዘውድ የያዘው ተቀመጠ። 3 ለ 3 ነው የተለያዩት። ያው በካዳኬስ የወደቀው ጁኒየር።

መግቢያውን ፀሐፊውን ጠይቄ ነፃ ነው ብሎኛል። ባጃጅዎን በር ላይ አቁመው ይግቡ። ከፈለጉኝ ሶኬቱ አጠገብ ነው የምቀመጠው።